የአዶምቢላ ስምንተኛ ደጋን

አዶምቢላ የባሌ የአቱባ ታላቅ ወንድም ነው። ገና በአሥራ ስምንት ዓመቱ ወደ ደቡብ ወርዶ፣ ኩማሲ ከተማ በሚገኝ አንድ የእንጨት መጋዘን አርባ አንድ ዓመት ዘበኛ ሆኖ ኖረ። ግንድ ሲራገፍ፣ ግንድ ሲሰነጠቅ እያየ አረጀ። ሚስቱ እዚያው ሞታ እዚያው ተቀበረች፤ ልጅ አልነበራቸውም። ወደ አገራችን ወደ ቦንጎ ሲመለስ ይዞት የመጣው አንድ የቆርቆሮ ሳጥን፣ አንድ አረንጓዴ ብስክሌትና ያገኘውን እንጨት ሁሉ በጥፍሩ ቧጨር አድርጎ የማሽተት ልማድ ነበር።

በተመለሰ በዓመቱ አዶምቢላ፣ አንድ ጎረቤት የዶሮ ቤቱን በር የሚደግፍበትን እንጨት አየና ቆመ። እንጨቱ የሞተ ሰው የቀስት ደጋን ነበር። ወጣቶቹ በብስክሌትና በስልክ ዘመን ደጋን ምን ይሠራልናል ብለው ጥለውት ነው። አዶምቢላ አንድ ዶሮ ሰጥቶ ወሰደው፤ አጠበው፣ ከሺያ ዛፍ ፍሬ የሚወጣ ቅቤ ቀባው፣ በግድግዳው ላይ ሰቀለው። ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻለም። ከዙሪያው መንደሮች፣ ከቶንጎ፣ ከሲሪጉ፣ ከናንጎዲ በብስክሌቱ እየዞረ ሰባት አደረሳቸው።

የሚጠይቀው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "የባለቤቱ የመጨረሻ ለቅሶ ተፈጽሟል?" ካልተፈጸመ ደጋኑ ገና የሟቹ ነው፤ አይነካውም። የባለቤቱን ስም ደግሞ እኔ እጽፍለታለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ከልጅ ልጆቼ ጋር ነው፤ ጽሑፌ እንደ ፌንጣ እግር የተንጨፈረረ ነው። ቢሆንም በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፌ ከየደጋኑ ሥር ለጥፌለታለሁ። እሱ ማንበብ ባይችልም፣ እንግዳ ሲመጣ በጣቱ እየነካ አንድም ሳይስት ይጠራቸዋል።

በእኛ ዘንድ የባል ታላቅ ይከበራል እንጂ አይቀለድበትም። እኔና አዶምቢላ ግን አቱባ ከሞተ፣ እኛም ካረጀን ወዲህ አንተና አንቺ ተባብለናል። እሱ "የአቱባ ሚስት" ይለኛል፤ ሲናደድ "ጠርጣራዋ" ይለኛል። እውነቱን ነው፣ እጠረጥራለሁ። ስምንት ልጆችና አንድ አማት የጠበቀች ሴት ሳትጠረጥር አታድርም።

አማቴ አያምቢሬ፣ የአዶምቢላና የአቱባ አባት፣ በሕይወት አለ። ዘጠና አልፎታል ይላሉ። ዐይኑ ደክሟል፣ ጥርሱ አልቋል፣ ጆሮው ግን ሲፈልግ ይሰማል። የእሱ ግቢና የአዶምቢላ ግቢ በአንድ የጭቃ ግድግዳ ይለያያሉ፤ በሮቻቸው ግን በተለያየ አቅጣጫ ናቸው። በኩር ልጅና አባት በአንድ በር አይተላለፉም። በኩር የአባቱን ጎተራ ጎንበስ ብሎ አያይም። የአባቱን ደጋን አይነካም፤ አባቱ ደጋኑን ይዞ ለለቅሶ ጭፈራ ሲወጣ እንኳ በዚህ ቤት በኩሩ ዐይኑን መሬት ላይ ይተክላል። አባቱ ሳይሞት የአባቱን ደጋን የገተረ በኩር አባቱን ወደ መቃብር ገፋ ይባላል። ታናናሾቹ ይህ ክልከላ የለባቸውም፤ አቱባ ስንት ጊዜ ጎተራው ውስጥ ገብቷል። አዶምቢላ ግን የአገሩን ሁሉ ደጋን ሲያገላብጥ የአባቱን ደጋን አይቶት አያውቅም።

አሳምፓና የመጣው አቧራ ያዘለው የበጋ ነፋስ በሚነፍስበት ወራት ነው፤ ጠዋት። አሳምፓና አሮጌ ነገር የሚነግድ ሰው ነው፤ የተሰበረ በርጩማ፣ የነሐስ አምባር፣ የሞተ ሰው ፒፓ ሳይቀር ሰብስቦ ቦልጋ ከተማ ወስዶ ለፈረንጅ ይሸጣል። ከዚያ በፊት አንድም ቀን ወደ እኛ ሰፈር በእግሩ መጥቶ አያውቅም። በእግሩ መምጣቱን ልብ አልኩ። ሰላምታውንም አንሾካሾከው፤ የሚያንሾካሹክ ነጋዴ ደግሞ አይቼ አላውቅም።

በጨርቅ የተጠቀለለውን ፈታ።

"የአቱባ ሚስት!" አለ አዶምቢላ። "ነይ እስቲ! ነይ እዪልኝ!"

ደጋኑ ጥቁር ቀይ ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ያለ አውታር የቆመ። ጫፎቹ በቆዳ ቀለበት ታስረዋል፤ መያዣው የአርጃኖ ቆዳ ለብሷል። አዶምቢላ ተቀበለውና ሕፃን እንደታቀፈ ሰው ቆመ። ከአርባ አንድ ዓመት ዘበኝነት ሲመለስ እንኳ እንዲህ አልሆነም።

"እንጨቱን እይ!" አለ። "እንዲህ ያለ እንጨት በመጋዘኑ ውስጥ አላለፈም። አንድም ቀን!"

"ባለቤቱ ማን ነበር?" አልኩ እኔ ወደ አሳምፓና ዞሬ።

"አዳኝ ነው።"

"አዳኝ ስም የለውም? ካርቶን ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ።"

"ከድንበር ማዶ ነው እማማ። የእነሱ ስም ለአፍ ያስቸግራል።"

"ሚስትህ ከድንበር ማዶ አይደለችም እንዴ? እሷን ምን ብለህ ነው የምትጠራት?"

"እሷንማ 'አንቺ' እላታለሁ።"

አዶምቢላ አልሳቀም፤ አልሰማንም። "የመጨረሻው ለቅሶ ተፈጽሟል?" ብቻ አለ።

አሳምፓና ወደ ግድግዳው አየት አደረገ። "ኧረ ድሮ!"

"ስንት ነው?"

"ዋጋውስ ከበድ ይላል ጋሼ፤ አትችለውም። ብስክሌቷን ነው የምፈልገው።"

"ውሰዳት።"

እንዲህ ነው ያለው። አልተከራከረም፣ አልተራገመም፣ ሄዶ አስቦ አልተመለሰም። ይህች ብስክሌት እግሩ ናት፤ ገበያውም፣ ክሊኒኩም፣ ሰባቱ ደጋኖችም በእሷ ነው የተገኙት። እኔ ግን ያየሁት የአሳምፓናን ፊት ነው። የጠየቀውን ያገኘ ሻጭ እንዲያ ሲደነግጥ አይቼ አላውቅም።

"ይ… ይታሰብበት ጋሼ," አለ። "ደጋኑን ልመልሰውና ነገ…"

"የትም አይሄድም! አንተ ሂድና ጠላህን ጠጥተህ ስትመለስ ብስክሌቷን ታጥባ ታገኛታለህ። እኔ እንደ ልማዳችን ለአውታር የሚሰነጠቅ ቀርከሃ አመጣለሁ። ዛሬ ገትሬው ነው የማድረው።"

አሳምፓና ወደ ማሽላ ጠላ ቤት ሄደ፤ ሲሄድ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየ። አዶምቢላ ብስክሌቷን እያፏጨ አጠባትና፣ ቢላውን ይዞ ቀርከሃ ሊቆርጥ ወደ ወንዙ ወረደ። ደጋኑ ከግድግዳው ተደግፎ ከእኔ ጋር ቀረ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሐሰተኛ ነው ብዬ ነው። ቦልጋ ውስጥ አዲስ ደጋን ወጥ ቤት ጣሪያ ሥር ሰቅለው በጭስ ያስረጁታል። ቀርቤ አሸተትኩት። ጭስ አይሸትም። ማሽላ ይሸታል፤ ነቀዝ እንዳይገባ በጎተራ የሚነሰነሰው አመድም ይሸታል። በጎተራ የኖረ ደጋን ነው። የማን ጎተራ?

መያዣውን አገላበጥኩ፤ በእጄ አልነካሁትም፣ በነጠላዬ ጫፍ ነው። የአርጃኖው ቆዳ አንድ ወቅት ተቀዶ ተሰፍቷል። ስፌቱ ሁለት ጊዜ እየተሻገረ ይወርድና ቋጠሮው ወደ ውስጥ ይደበቃል። እንዲህ ያለ ስፌት በቤቴ አለ። የተሰነጠቀ ቅሌን ሁሉ አቱባ እንዲህ ነበር የሚሰፋልኝ። ሌላው ሰው ቋጠሮውን ውጭ ይተወዋል፤ የእኔ ባል ግን ከንፈርሽን ይቧጭርሻል እያለ ወደ ውስጥ ይደብቀው ነበር።

ቁጭ አልኩ። አባቱ የመያዣውን ቆዳ እንዲሰፋለት አቱባን ጠርቶት የነበረበትን ቀን አስታወስኩ። በራፋችን ላይ ተቀምጦ ሲሰፋ እኔ ባሚያ እየከተፍኩ ነበር።

አዶምቢላ የአባቱን ደጋን ታቅፏል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሊገትረው ነው።

እንደ ልጅ እየሮጥኩ ግድግዳውን ዞርኩ። በመንገዴ ላይ ያሰብኩት አሳምፓና ሌባ መሆኑን ነበር። አማቴን ሳየው ግን እርምጃዬ ቀዘቀዘ። የሚቀመጥባት የበግ ቆዳ ሁልጊዜ ከዛፉ ጥላ ሥር ናት። ዛሬ ከግድግዳው ጋር ተጣብቃ ፀሐይ ላይ ናት፤ እሱም ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተቀምጧል።

"አባባ፣ ደጋንዎ የት ነው?"

"ያለበት።"

"ያለበት የት ነው?"

"ደጋን የሚቀመጥበት ነዋ።"

"ታዲያ አዶምቢላ ግቢ ያየሁት ምንድን ነው?"

የተፈጨ የኮላ ፍሬውን በድዱ አላመጠ። ይደነግጣል፣ ይጮኻል፣ ምርኩዙን ይፈልጋል ብዬ ጠበቅኩ።

"ምን አለ?" አለ።

"ማን?"

"እሱ ነዋ! ስለ እንጨቱ የተናገረውን ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ስለ አሠራሩ ምን አለ?"

ያን ጊዜ ገባኝ፤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። "እርስዎ ነዎት የላኩት!"

"ቀስ በዪ።"

"በኩር ልጅዎን! በገዛ ደጋንዎ!"

"ሰባት ሰቅሏል," አለ አማቴ። "ሰባት! በዚህ ግድግዳ ሥር ስድስት ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ደጋን ሲመሰገን እሰማለሁ። የናንጎዲው እንዲህ ነው፣ የቶንጎው እንዲያ ነው። ያን የናንጎዲ ሰውዬ አውቀዋለሁ። ጎሽ ቀርቶ ቆሞ የሚያመነዥክ ፍየል መትቶ አያውቅም!"

"እና ቀኑ እስኪደርስ አይጠብቁም?"

"የእኔን መቼ ነው የሚያየው? ስሞት። ያን ጊዜ ከበሮው ይመታል፣ ሰው ይጮኻል፣ ዐይኑ በእንባ ይሞላል። ማን ደጋን ያያል? ቢያይስ፣ የሚናገረውን እኔ አልሰማ።" አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ። "አንድ ቀን መስማት ፈለግኩ። የእኔ መሆኑን ሳያውቅ። አሳምፓናን አሳየው፣ የማይችለውን ዋጋ ጥራና መልስልኝ አልኩት። ጅግራ ሰጥቼዋለሁ።"

"የማይችለውን ነው የጠራው። እሱ ግን ቻለ። ብስክሌቷን ሰጠ።"

የአማቴ እጅ ምርኩዙ ላይ ቆመ። "ያችን ብስክሌት?"

"አጥቦ አቁሟታል። አሁን ቀርከሃ ሊቆርጥ ወርዷል። ዛሬ ይገትረዋል።"

ሽማግሌው ሲፈራ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ለራሱ የፈራ አልመሰለኝም። የአባቱን ደጋን ገተረ የተባለ በኩር የሚኖረውን ኑሮ ያውቀዋል፤ ማንም አብሮት አይበላም። "ሂጂ," አለ። "ተነሺ። የማን መሆኑን እንዳትነግሪው፤ ታቅፎታል አይደል? ካወቀ አያንቀላፋም። ሐሰተኛ ነው በዪው። የወጥ ቤት ጭስ ያስረጀው ነው በዪው።"

"እርስዎ እዚህ ተቀምጠው እየሰሙ?"

"ልስማዋ። ምን አባቴ ላድርግ!"

ስመለስ አዶምቢላ ቀርከሃውን ሰንጥቆ እያለሰለሰ ነበር። አሳምፓናም አፉ ጠላ ጠላ እየሸተተ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ለሁለቱም እንዲሰማ አድርጌ ተናገርኩ።

"ያንን ቀርከሃ አታበላሸው። ደጋኑ ሐሰተኛ ነው።"

"ጠርጣራዋ ጀመረች," አለ አዶምቢላ ቀና ሳይል።

"ጭስ ነው። ሦስት ወር ወጥ ቤት የተሰቀለ ነው። ለፈረንጅ የሚሸጡት ዓይነት።"

"ጭስ?" ደጋኑን አነሳው። "ነይ! አሽቺው! ጭስ እንጨቱን ላዩን ነው የሚያጠቁረው፤ ይህ ከውስጥ ነው የጠቆረው። በእጅ ቅባት፣ በሰው ላብ። ሃምሳ ዓመት የተያዘ እንጨት ነው ይሄ!"

"ላብም ይቀባል።"

"ምኑ ተቀብቶ! እዪው፣ የላይኛው ክንድ ከታችኛው በትንሹ ይቀጥናል። በአንድ ቀን የተፋቀ አይደለም። ሰውዬው ተኩሶ ይመለሳል፣ በቢላው ጥቂት ይፍቅለታል፣ እንደገና ይተኩሳል። ዓመት አይፈጅም? ቸኩሎ የማያውቅ ሰው ነው። የታችኛው ጫፍ ደግሞ ተፍቋል፤ ተንበርክኮ ነው የሚተኩሰው፣ ድንጋይ ላይ። ቆሞ እየጨፈረ ሰው ፊት የሚኩራራ አይደለም። ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ አንዴ ይለቃል።" ድምፁ ለሰለሰ። "እንዲህ ያለውን ሰው በሕይወት ባገኘው ኖሮ ብዙ የምጠይቀው ነበረኝ።"

ከግድግዳው ማዶ ሲሰማ የቆየው የአማቴ ሳል ጸጥ አለ።

"አያያዙን እዪ," አለ አዶምቢላ፤ ማቆም አልቻለም። መያዣውን ሳይጨብጥ ጣቱን በላዩ አስኬደ። "እጁ ሰፊ ነው። አውራ ጣቱ እዚህ ነው የሚያርፈው፣ ቆዳው ጎድጉዷል። ሌባ ጣቱ እዚህ፤ ለስልሷል። ከዚያ…"

ጣቱ ቆመ።

ቀርቤ አየሁ። የአርጃኖው ቆዳ በአራት ቦታ ተፍቆ እንደ መስታወት ያበራል። በሌባ ጣቱና በቀለበት ጣቱ መካከል ግን፣ አንድ ጣት በሚያህል ቦታ፣ ቅርፊቱ ዛሬ እንደተገፈፈ ሁሉ ሻካራ ነው። እዚያ ያረፈ ጣት የለም።

አማቴ በወጣትነቱ እባብ ነድፎት የግራ እጁን መሃል ጣት በገዛ ቢላው ቆርጧል። የአማቴ ሚስት፣ ነፍሷን ይማር፣ አዶምቢላ ሕፃን ሳለ በዚያ ክፍተት የራሱን ጣት እየሰካ ካልሆነ አይተኛም ነበር ብላ ነግራኛለች። ደጋኑን አይቶት አያውቅም። እጁን ግን ያውቀዋል።

አዶምቢላ ደጋኑን በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ ጨርቁ ላይ አስተኛው። ዐይኑን መሬት ላይ ተከለ።

"ሐሰተኛ ነው," አለ።

"ምን?" አለ አሳምፓና።

"የአቱባ ሚስት ልክ ናት። ተታልያለሁ።" ድምፁን ከሚያስፈልገው በላይ ከፍ አደረገ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "ሠሪው ግን ጎበዝ ነው! በጣም ጎበዝ ነው! ከግድግዳዬ ላይ ካሉት ሰባቱ አንዳቸውም አጠገቡ አይደርሱም። እንደዚህ ሰውዬ ያለ እጅ በዚህ አገር አልተፈጠረም! ግን ምን ያደርጋል፣ ሐሰተኛ ነው።"

ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ "ውኃ ስጪኝ፣ ዱቄት ጣል አድርጊበት," አለኝ። ዱቄት ያለበት ውኃ ለሞቱ አያቶች የሚፈስ ነው እንጂ ለእጅ መታጠቢያ አይደለም። አልጠየቅኩትም። አመጣሁለት፤ እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ፣ የተረፈውን በሩ ላይ አፈሰሰ።

ይህን ሁሉ ሳይ አሳምፓናን ረስቼው ነበር። ያ ነው ስህተቴ። ደጋኑን ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አድርጓል።

"እንግዲያው ልሂዳ," አለ። "ሐሰተኛውን ከእውነተኛው የማይለዩ ቦልጋ ሞልተዋል።"

ወደ አማቴ በር የሚወስደው መንገድ በግራ ነው። እሱ በቀኝ ወደ አስፋልቱ ታጠፈ።

"በዚያ በኩል ወዴት ነው?" አልኩት።

"አንቺው ሐሰተኛ ነው አልሽ እማማ። ሐሰተኛ ዕቃ ባለቤት የለውም።" ፈገግ አለ።

ምን ልበል? ባለቤቱን ከጠራሁ አዶምቢላ የአባቱን ደጋን መንካቱ ይነገራል። አዶምቢላም መጥራት አልቻለም፤ ሮጦ ከትከሻው ላይ መንጠቅም አልቻለም፤ ከእንግዲህ በጣቱ ጫፍ አይነካውም። ወደ እኔ አየ። ወደ ብስክሌቷ አየ።

"አሳምፓና!" አለ። "ብስክሌቷን ውሰድና ደጋኑን ተው።"

አሳምፓና ቆመ። "ለሐሰተኛ ደጋን?"

"ለሐሰተኛ ደጋን።"

"ምን ሊያደርግልህ?"

"ለእኔ ማን አለህ? ለአቱባ ሚስት ነው። የሰው ፍየል ባሚያዋን እየበላ አስቸግሯታል።"

"አዎ," አልኩ። "አንዱን በተለይ ሳልመታው አልቀርም። በሁለት እግሩ ነው የሚሄደው።"

አሳምፓና ደጋኑን ነጠላዬ ላይ ጣለልኝ፤ ብስክሌቷን ገፋ፣ ወጣባት፣ በአቧራው ውስጥ ጠፋ። ደወሏን እየደወለ ነው የሄደው፣ ሌባ!

አዶምቢላ ሌባው እስኪጠፋ ድረስ ቆሞ አላየውም፤ ቀርከሃውን ሰብስቦ ለማገዶ ከመረው። "የአቱባ ሚስት," አለ፣ "ፍየሎቹን ካባረርሽ በኋላ ደጋኑን የት እንደምታስቀምጪው አልጠይቅሽም።"

"አትጠይቀኝ።"

ደጋኑን ለአማቴ ሳስረክበው በሁሉም ጣቶቹ ዳሰሰው፤ እንዳልተቀየረ እስኪያረጋግጥ ጫፎቹን በምላሱ ቀመሰ። ከዚያ አጠገቡ እንድቀመጥ በእጁ መሬቱን መታ አደረገ።

"እንደዚህ ያለ እጅ በአገሩ አልተፈጠረም አለ?"

"ሰምተውት የለ እንዴ?"

"ጆሮዬ ደክሟል። ድገሚልኝ።"

ሦስት ጊዜ ደገምኩለት። በሦስተኛው ላይ "የናንጎዲውን እንዲህ ብሎት ያውቃል?" አለኝ።

"አያውቅም።"

ራሱን ነቀነቀ። ቆይቶ፣ "ያወቀ ይመስልሻል?" አለ።

"እኔ እንጃ።" በዚያ ቤት ውስጥ ያመንኩት ሰው አልነበረም፤ ራሴንም ጭምር።

አሁን አምስት ወር ሆነው። ገበያተኛው ሁሉ የደጋን አዋቂው በጭስ እንጨት ብስክሌቱን ተበላ እያለ ይስቃል። ጠላ ቤት ሲገባ "አዶምቢላ፣ ማማሰያ አለችኝ፣ የአዳኝ ናት፣ በፍየል ስጣትና ውሰዳት!" ይሉታል። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ከእነሱ በላይ ይስቃል። ሳቁ ግድግዳውን ሲያልፍ ሽማግሌው ኮላውን ማላመጥ ያቆማል።

ባለፈው የገበያ ቀን አማቴ ጠራኝ።

"ዛሬም በእግሩ ነው የሄደው?"

"በእግሩ ነው።"

"ሩቅ ነው።"

"ሩቅ ነው አባባ።"

ምርኩዙን መሬቱ ላይ አሽከረከረ። "ለአንድ ብስክሌት ብዬ ደጋኑን ላወርሰው ቶሎ አልሞትም፤ ንገሪው።"

"ምን ብዬ ነው የምነግረው? እሱ እኮ ምንም አያውቅም።"

"እውነትሽን ነው," አለ አማቴ፣ ጀርባውን ወደ ግድግዳው እያስጠጋ። "ምንም አያውቅም።"